ቦዬ ላይ ክሬን እንዴት ይቆጠራል

ቦዬ ጅማ አጠገብ ያለ ጨፌ ነው። ጅማ ዙሪያ የሚታየው ክሬን፣ ማለትም አንገቱና እግሩ ረጅም የሆነው ትልቅ ወፍ፣ በብዛት ጥቁር ባለ ዘውዱ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ መጥቶ በአገራችን ደጋ የሚከርመው፣ በየካቲትና በመጋቢት ወደ መጣበት የሚመለሰው ግራጫው ክሬን ሌላ ዝርያ ነው። ባለ ዘውዱ አገር አይለቅም፤ እንደ ወቅቱ ቦታ ይቀያይራል እንጂ። በክረምት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሣር በበዛበት ውሃ ላይ ጎጆ ይሠራል፤ በበጋ ጨፌው ሲደርቅ ውሃ ወዳልጎደለበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ቁጠሩ። በነሐሴ የቆጠረ ሰው ጥቂት ጥንዶች አይቶ «ወፉ አለቀ» ሊል ይችላል፤ ሣር ውስጥ እንቁላል የታቀፈውን ግን አላየውም።

ብዙ ቆጠራ የሚበላሸው ቀን እየዞሩ በመቁጠር ነው። ጠዋት ቦዬ የነበረ መንጋ ከሰዓት በኋላ ኪቶ በተባለው ሌላ ጨፌ በኩል ወይም የታጨደ ማሳ ላይ ይገኝና አንዱ ወፍ ሁለቴ ይቆጠራል። ማታ ግን ወደ ማደሪያው ይሰበሰባል። የኋላ ጣቱ ረጅም ስለሆነ፣ እንደሌሎቹ ክሬኖች ሳይሆን ዛፍ ጨብጦ ማደር ይችላል፤ አንዳንዴም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል።

የመጀመሪያውን ምሽት ማደሪያውን ለማግኘት ብቻ አውሉት፦ የሚበሩበትን አቅጣጫ ተከተሉ። በማግስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከማደሪያው 200 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ በስተምሥራቅ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ዓይን ትወጋለች፤ በባይኖኩላር በፍጹም ወደ እሷ አትዩ። ከጠለቀች በኋላ ግን ዘግይቶ የሚገባው ወፍ በብሩህ ሰማይ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በሌላው በኩል ከቆማችሁ ቀለሙን ታያላችሁ፣ የመጨረሻዎቹ ግን ጨለማ ውስጥ ይጠፉባችኋል። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቆዩ።

ለሁለት ሁኑ። አንዱ በ8 ወይም በ10 እጥፍ ባይኖኩላር እያየ ቁጥሩን ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። ለብቻው የሚቆጥር ሰው ለመጻፍ ባጎነበሰ ቁጥር ወፍ ያመልጠዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሰዓትና ደቂቃ፣ ብዛት፣ የመጣበት አቅጣጫ። ካረፉ በኋላ ተነሥተው የሚዞሩ አሉና ከዛፉ የተነሣውን ቀንሱ፤ ሲመለስ ደምሩት። ይህ ካልተደረገ ድምሩ በከንቱ ያብጣል። ማደሪያው ሁለት ቦታ ከሆነ በአንድ ምሽት ሁለቱም ጋ ሰው ይቁም። መንጋው ሲበዛ አሥር ወፍ ቆጥራችሁ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ በዚያ ለኩ፤ ፎቶም አንሡና በኋላ አረጋግጡ።

ሲበር አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል፤ አንገቱን አጥፎ የሚበር ረጅም እግር ወፍ ክሬን አይደለም። ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር አለው። አንገቱ ነጭ ሆኖ ከአገጩ ሥር ሁለት ሥጋ የተንጠለጠለበት ካያችሁ ሌላው ትልቁ ክሬን (ዋትልድ ክሬን) ነውና ለብቻው መዝግቡት።

የዓመቱን ጫጩቶች ለመለየት ቀን ሲመገቡ እዩአቸው። መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ የሚዘለውን ነፍሳት ይለቅማሉ፤ በዚህ ጊዜ ጉንጫቸውን ማየት ይቀላል። ያደገው ነጭና ቀይ ጉንጭ፣ ወርቅማ ዘውድ አለው፤ ልጁ ቡናማነት ያጠላበት ነው፣ ዘውዱም አጭር። ሁሉም አንገታቸውን ቀና ካደረጉ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጎጆ ጋ ግን ጨርሶ አትቅረቡ፤ ወላጆቹ ሲነሡ እንቁላሉ ለቁራ ይጋለጣል። ጎጆ ላሳየ ከብት ጠባቂ ልጅ ገንዘብ አትስጡ፣ በየቀኑ ይሄድበታልና። ሣር አጫጆችን ግን አነጋግሩ፤ በጎጆው ዙሪያ ጥቂት ሣር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቢቀር ትልቅ ነገር ነው።

ውጤቱን ኢበርድ (eBird) በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራም ይጠቅማል። አንድም ወፍ ያልመጣበትን ምሽት «0» ብላችሁ ጻፉ፣ አጠገቡም ምን እንደተለወጠ፦ ዛፍ ተቆርጦ፣ ለጡብ አፈር ተቆፍሮ ወይም ውሃው ደርቆ እንደሆነ።