ለሕፃናት ኮምፒውተር ስታስተምሩ መጀመሪያ የሞተውን ፍቱት

«ሲፒዩ ማለት የኮምፒውተር አእምሮ ነው» ብሎ ደብተር ላይ አስጽፎ ማሸምደድ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጅ ምንም አይሰራም፣ አይቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ የኮምፒውተር ክፍሎችን ስም እንደ ውዳሴ በቃሉ አወረደልኝ፣ ማውሱን ስሰጠው ግን ገልብጦ ወለሉ ላይ እንደ መኪና ነዳው። ምን ያድርግ፣ ስእሉን ሰሌዳ ላይ እንጂ እቃውን ነክቶት አያውቅማ።

ስለዚህ በክረምቱ እረፍት እሱንና ሶስት የጎረቤት ልጆችን እዚሁ ደሴ ቤቴ ሰብስቤ ከሌላው ጫፍ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ እጃቸው ይንካው ስሙ ይደርሳል ብዬ። አንድ የሚሰራ ኮምፒውተርና አንድ የሞተ ዴስክቶፕ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ የሞተውን ፒያሳ አካባቢ ያሉ ጥገና ቤቶች ጠይቁ፣ ለልጆች ማስተማሪያ ነው ስትሏቸው ብዙ አይጨክኑም።

ከመፍታታችሁ በፊት ግን ይቺን ስሙኝ። ገመዱ ከሶኬት ይነቀል። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት የብረት ሳጥን፣ እና የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ሞኒተር በፍጹም አይከፈቱም፣ ከተነቀሉም በኋላ ውስጣቸው ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ፣ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ደግሞ ልጆቹ ሳይመጡ ራሳችሁ አውጥታችሁ ደብቋት፣ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥለዋለች፣ ቀልድ የለውም። (ኮምፒውተራችሁ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ ካስቸገራችሁ እሷው ናት ያለቀችው።)

ከዛ ክፈቱትና ዝም በሉ። ወላሂ ዝም በሉ፣ እነሱ ይጠይቃሉ። እናቴ ቡና እየቆላች «ይሄ ነው ሆድ ዕቃው?» ስትል ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሳጥኑን መክፈት «ሆድ ዕቃ ማየት» ሆኖ ቀረ።

ሀገሩ ሁሉ ሳጥኑን ሲፒዩ ይለዋል፣ አንዳንድ አስተማሪም ጭምር። ሲፒዩ ግን ከፋኑ ስር የተቀመጠችው የክብሪት ቀፎ የምታክል ጠፍጣፋ ነገር ናት፣ ትልቁን ሳጥን ኬዝ በሉትና ገና ከጅምሩ ይለምዱት። ፋኑ ላይ እኔ ራሴ ተያዝኩ። «ሲፒዩ ስትሰራ ትግላለች፣ ፋኑ ያራግብላታል» ስል አንዷ የ6 ዓመት ልጅ «ከሰል ሲራገብ ይበልጥ ይቀጣጠል የለ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው! ትንሽ አሰብኩና ሻይ አስመጣሁ፣ ትኩስ ሻይ እፍ ሲሉት ይበርዳል፣ ፋኑም ሙቀቱን እፍ ብሎ ነው የሚያባርረው። ኮምቦልቻ ብሆን ቬንትሌተር አሳይቼ እገላገል ነበር፣ ደሴ ብርድ ውስጥ ግን ማን ቬንትሌተር ያውቃል።

ራምና ሃርድ ዲስክ ከባድ ይመስላሉ፣ አብሽሩ፣ ሰፌድና ጎታ አለላችሁ። ራም ሰፌድ ነው፣ አሁን እየሰራንበት ያለው እህል እሱ ላይ ነው፣ ንፋስ ከመጣ፣ ማለትም መብራት ከሄደ፣ ይበተናል። ሃርድ ዲስክ ጎታው ነው፣ የገባበት እዛው ይቆያል፣ ሴቭ ማድረግ ማለት ከሰፌዱ ወደ ጎታው መገልበጥ ነው። ይሄን ነግሬያቸው ብዙም አልገባቸውም ነበር፣ ፔይንት (የስእል መሳያ ፕሮግራም) ላይ ቤት እየሳሉ እያለ መብራት ሄደና ስእሉ ጠፋ፣ አንዱ አለቀሰ፣ ሲመጣ ግን ሁሉም ገና አንድ መስመር እንዳሰመሩ «ሴቭ! ሴቭ!» እያሉ ይጮሁ ጀመር። መብራት ካልሄደላችሁ፣ የሚሰራው ኮምፒውተራችሁ ዴስክቶፕ ከሆነ ራሳችሁ ከሶኬት ንቀሉት፣ ትንሽ ጭካኔ ነው ግን ይሰራል።

ማውስ አይጥ ማለት መሆኑን ስትነግሯቸው ሌላ አይሰሙም፣ ጭራዋን ይፈልጋሉ። ስሙም የወጣው ከዛው ከገመዱ ነው፣ ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረባው ጋር በ1960ዎቹ የሰራው የመጀመሪያው ማውስ የእንጨት ነበር። ግራና ቀኝ ለሚምታታበት ልጅ የግራውን ቁልፍ ጥፍር ቀለም ቀቡና ያንኑ ቀለም ጠቋሚ ጣቱ ላይ አድርጉለት። ደብል ክሊክ፣ ማለትም የግራውን ቁልፍ ሁለቴ መጫን፣ በር ማንኳኳት ነው፣ ኳኳ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ካዘገየ አይከፈትለትም።

ለኪቦርድ ደግሞ ከተበላሸ ኪቦርድ ቁልፎቹን ነቅላችሁ ሰፌድ ላይ በትኗቸውና ቦታቸውን እየፈለጉ ይመልሱ (ከ3 ዓመት በታች ያለ ህፃን ቤት ውስጥ ካለ ተዉት፣ ይውጠዋል)። ስፔስ ረጅሙ ስለሆነ ወዲያው ያገኙታል፣ ኢንተርና ባክስፔስ ይቆያሉ። የኛ ልጆች ሀሁ ከኤቢሲ በፊት ስለሚያውቁ 26 ፊደል ብቻ ሲያዩ «የኛው የት አለ?» ይላሉ፣ የአማርኛ መጻፊያ ጫኑና ኤል ላይ ዩ ሲጨምሩ ሉ ስትመጣ አሳዩዋቸው። ስማቸውን ይጻፉ፣ ሌላ ቃል አትስጧቸው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከስማቸው ሌላ ማንም ምንም አልጻፈልኝም።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ያዛጋሉ። ብሎኖቹን ስኒ ውስጥ አድርጉና ሲጨርሱ እየቆጠሩ ያስረክቧችሁ፣ የኛ አንዱ ብሎን እስካሁን አልተገኘም፣ እናቴ ረከቦቱ ስር ፈልጉት ትላለች።