ከብዙ ሺህ ካርዶች አንዱን ብቻ ማውጣት፦ በአክሰስ የአንድ ታካሚ መዝገብ አፈላለግ

ደሴ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ከኩታበር፣ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ የሚመጡ ታካሚዎችን ስንቀበል «ሰይድ መሐመድ» የሚባል ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ማስተናገድ የተለመደ ነበር። በስም የተጠየቀ ዳታቤዝ (መዝገቦችን በኮምፒውተር የሚይዝ ሥርዓት፤ የእኛው የተሠራው አክሰስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው) በዚያ ስም የሚጠሩትን ሁሉ ያቀርባል፤ አንዱን ብቻ የሚያወጣው ለሁለት ሰው ሊሰጥ በማይችል ነገር ሲጠየቅ ነው። ለካርድ ክፍል ይህ ነገር የካርድ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከፍለጋው በፊት ነው። ቴብሉን (መዝገቦቹ የተቀመጡበትን ሠንጠረዥ) በዲዛይን ቪው፣ ማለትም አወቃቀሩ በሚታይበት ገጽታ፣ ከፍተው የካርድ ቁጥር ከሚለው ፊልድ (የመረጃ ዓምድ) በስተግራ ትንሽ የቁልፍ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ ፊልዱን መርጠው ፕራይመሪ ኪይ (የማይደገም መለያ) የሚለውን ይጫኑና ያስቀምጡ። አክሰስ አልቀበልም ካለ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ተሰጥቷል ወይም ቁጥሩ ባዶ የቀረ መዝገብ አለ ማለት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ከወረቀት ካርዱ ጋር እያመሳከሩ ያንን ማረም ያስፈልጋል። የፊልዱ ዓይነት ቴክስት ከሆነ 457 እና 00457 እንደ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስለሚታዩ፣ ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ከነዜሮው መመዝገብና መፈለግ ግድ ነው።

ለአንድ ጊዜ ፍለጋ ፎርሙን (መዝገቡ ስክሪን ላይ የሚታይበትን ቅጽ) ከፍተው የካርድ ቁጥሩ ላይ ጠቅ ያድርጉ፤ ኮንትሮልና ኤፍን አብረው ይጫኑ፤ ሉክ ኢን በሚለው ከረንት ፊልድ፣ ማች በሚለው ሆል ፊልድ መመረጡን ያረጋግጡ። ኤኒ ፓርት ኦፍ ፊልድ ተመርጦ ከሆነ 457 ብለው ሲጠይቁ 1457 እና 4570 ጭምር ይመጣሉ። ከፎርሙ ግርጌ የሚታየው የሬከርድ ቁጥር ደግሞ መዝገቡ በወቅቱ ስንተኛ ላይ እንዳለ የሚናገር እንጂ የካርድ ቁጥር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ እሱም ይለወጣል።

ቀኑን ሙሉ ለሚፈልግ ሰው ግን ፎርሙ ላይ ኮምቦ ቦክስ (ከዝርዝር የሚመረጥበት ሳጥን) ማስገባት ይሻላል። ዊዛርዱ (ደረጃ በደረጃ የሚመራው መስኮት) ሲከፈት ሦስተኛውን አማራጭ፣ ማለትም በተመረጠው ዋጋ መሠረት ፎርሙ ላይ መዝገብ የሚፈልገውን ይምረጡ፤ ይህ አማራጭ የሚታየው ፎርሙ ከቴብል ወይም ከኩዌሪ (ከቴብል መረጃ መርጦ ከሚያወጣ ጥያቄ) ጋር የተያያዘ ሲሆን ብቻ ነው። ሳጥኑ ራሱ ከየትኛውም ፊልድ ጋር መያያዝ የለበትም። ኮንትሮል ሶርስ የሚለው (ሳጥኑ የተያያዘበትን ፊልድ የሚያሳየው ቦታ) ባዶ መሆኑን አደራ ይመልከቱ። እኛ አንድ ጊዜ ከስም ፊልድ ጋር አያይዘነው ስለነበር፣ ሌላ ታካሚ ለመፈለግ የመረጥነው ስም ስክሪኑ ላይ በነበሩት እናት ስም ፋንታ ተጻፈ። እናትየዋ በቀጠሯቸው ቀን መጥተው ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ካርድ ፈትተው ሲሰጡን፣ ቁጥሩ የእርሳቸው፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው ሆኖ አገኘነው።

ይህ የሆነው አክሰስ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲያልፉ ለውጡን ሳይጠይቅ ስለሚያስቀምጥ ነው። በመዝገቡ ግራ ጠርዝ የእርሳስ ምልክት ካዩ የተነካ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከመዝገቡ ሳይወጡ ኤስኬፕን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ለመፈለጊያ ብቻ በተሠራ ፎርም ላይ የመረጃ ፊልዶቹን አንድ በአንድ ሎክድ (እንዳይለወጡ የተቆለፉ) ማድረግ የተሻለ ጥበቃ ነው። አላው ኤዲትስ (በፎርሙ ላይ መለወጥን የሚፈቅደው) የሚለውን ኖ ካደረጉት ግን መፈለጊያው ሳጥን ራሱ መምረጥ ይከለክላል።

ካርዱ የጠፋበት ታካሚ ሲመጣ በስም መፈለግ አይቀርም፤ እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይነሳል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። «መሐመድ» ተብሎ የተመዘገበውን «መሀመድ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባዶ ስክሪን ሊገጥመው ይችላል። አጠራጣሪውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክተው «መ?መድ» ብለው ይፈልጉ፤ ምልክቱ የአንድ ፊደል ቦታ ይይዛል። «ሙሐመድ» ብለው የሚጽፉም ስላሉ «??መድ» ብሎ መሞከር አይከፋም። የስም፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻው ፊልድ ቢኖራቸው ፍለጋው በጣም ይቀላል።

ከአንድ በላይ መዝገብ ከመጣ የመጀመሪያውን መውሰድ አይገባም። «ሰይድ መሐመድ ነዎት?» ብሎ መጠየቅም አይበጅም፤ ሁሉም አዎ ይላሉና። «አባባ፣ የአያትዎ ስም ማን ይባላል? ቀበሌዎስ?» ብለው ራሳቸው እንዲናገሩ ያድርጉና ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ። ምንም ካልመጣ በአባት ስምና በቀበሌ ዳግም ይፈልጉ፤ አዲስ ካርድ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።