ከፉሪ-ለቡ በባቡር የሚጓዙ አዛውንቶች ከባድ ዕቃ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጇ ድሬዳዋ የወለደችላት እናት ባዶ እጇን አትሄድም። የገንፎ እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ አብሹ፣ ሽሮና በርበሬው ሁሉ ይታሰራል። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ባቡር ጥሩ ነው፤ እንደ አውቶቡስ አያንገጫግጭም፣ እግር ሲደነዝዝ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላል። የሚጎዳው ባቡሩ ሳይነሳ በፊትና ከቆመ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ወገብ የሚቀጨው፣ እግር የሚወለከፈው እዚያ ነው። ስለዚህ የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዕቃው ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ዕቃውን ጎረምሶች እንዲያስሩት መተው ነው። ጉልበት ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቆ፣ ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ «ይኸው፣ አንድ ብቻ ነው» ይላል። እሱ ግን አብሮ አይሄድም። ሚዛኑ መሆን ያለበት የእርስዎ ክንድ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት እያንዳንዱን ዕቃ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው ብቻዎን ከመሬት ወደ ወንበር ያንሱት። ካቃተዎት ወይም ትንፋሽ ካሳጠረዎት ይፈታና ለሁለት ይከፈል። ብዛቱ ግን ከሦስት ባይበልጥ ይሻላል፤ ጥቃቅን ፌስታል ሲበዛ አንዱ ይረሳል። ዘንቢሉን፣ ሻንጣውንና የእጅ ቦርሳውን በዓይን ቆጥሮ መነሳት ቀላል ነው።

ከዚያ ደግሞ ምን ይቅር የሚለው አለ። ድሬዳዋ የንግድ ከተማ ናት። ስኳር፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መሄድ ወገብን በከንቱ መቅጣት ነው። በቤት የተዘጋጀው ሽሮና በርበሬ፣ በእጅዎ ያነጠሩት ቅቤ ግን የትም አይገዛም፤ ቦታው ለእነሱ ይሁን። ቅቤውን በደንብ የሚገጠም ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው፣ በላዩ ፌስታል ደርበው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያስቀምጡት። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ ግን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። መተሐራና አዋሽ ሲደርሱ ሙቀቱ ይለወጣል፤ እዚህ ድንጋይ የነበረው ቅቤ እዚያ ፈሳሽ ነው። በነጠላና በጋቢ መሃል ፈሶ የተበላሸ ቅቤ የሚያሳዝነው ለልፋቱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጣቢያውን ቅርብ አድርጎ ማሰብ ነው። ትልልቅ ሰዎች «ባቡር ጣቢያ» ሲባሉ ዛሬም ለገሃር ይመጣባቸዋል፤ የድሮው ባቡር ለአሥርት ዓመታት የተነሳው ከዚያ ነውና እውነታቸውን ነው። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ መጫን የጀመረው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን የሚነሳው ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ከፉሪ-ለቡ ነው። የከተማው ቀላል ባቡርም እዚያ አይደርስም። በሚኒባስ ታክሲ ከሄዱ ረዳቱ ለዕቃው ለብቻ ያስከፍላል፣ ወርደው ደግሞ ተሸክመው መሄድ አለብዎ። ከባድ ዕቃ ካለ ኮንትራት ታክሲ ይያዙ፤ እስከ ጣቢያው በር እንዲያደርስዎ አስቀድመው ይነጋገሩ። በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ትኬት ሲቆርጡ ሰዓቱን «በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የፈረንጅ ሰዓት በሀበሻ ተነቦ ሰው ባቡር ያመልጠዋል። መነሻ ቀኑንም እንደዚሁ ያረጋግጡ። መታወቂያና ትኬት በእጅ የሚገኝ ኪስ ውስጥ ይሁኑ፤ ዕቃ ስለሚፈተሽም ቀደም ብሎ መድረስ ነው። አልጋ ባለው ፉርጎ የሚሄዱ ከሆነ «ከታች ይሁንልኝ» ማለትን አይፈሩ።

ለመጠየቅ ማፈር ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ብዙ እናትና አባቶቻችን «ሰው አላስቸግርም» ብለው ማዳበሪያ ይጎትታሉ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንሳልኝ» ሲባል እምቢ የሚል ወጣት ብዙም አይገጥምዎትም። ተሸካሚ ከቀጠሩ ግን ዋጋውን ዕቃው ሳይነሳ ይጨርሱ፤ ከፊትዎ ይሂድ፣ ከዓይንዎ አይራቅ። ገንዘብ፣ ስልክና መድኃኒት ያሉበትን ቦርሳ ለማንም አይስጡ።

መድኃኒትን ከነገርኩ አይቀር፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በትልቁ ሻንጣ መታሸግ የለበትም። መንገዱ የቀን ሙሉ ነው፤ በመሃል ባቡሩ ሊዘገይ ይችላል። ለአንድ ቀን የሚበቃ ትርፍ ይያዙ። ኢንሱሊን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ። ውኃና ቆሎ ወይም ዳቦ ከእጅዎ አይጥፉ፤ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ሳይበሉ መቆየት አደጋ ነው። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብሎ ውኃ መተው፣ ሰው ቢያደርገውም፣ በቆላ ሙቀት ራስን ያዞራል። በየጊዜው ተነስተው ጥቂት ይራመዱ፣ እግር እንዳያብጥ።

የመጨረሻው ስህተት የአወራረድ ነው። ሞጆ ወይም አዳማ የሚወርድ ሰው ባቡሩ ሲቆም ዕቃ መፈለግ ከጀመረ ረፍዶበታል፤ ከዚያ በፊት ባለው ጣቢያ ዕቃው ወደ በሩ እንዲቀርብ የጎረቤቱን ወጣት ይጠይቅ። ድሬዳዋ ለሚወርድ ግን ጥድፊያ የለም፤ ሰዉ ይውረድ፣ ከዚያ ቀስ ይበሉ። ደረጃውን ሲወርዱ እጅዎ ባዶ ይሁንና ብረቱን ይያዙ፣ ዕቃውን ሌላ ሰው ያቀብልዎ። አዲሱ ጣቢያ እዚያም ቢሆን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ከዚራ በሚባለው የከተማው ሰፈር መሃል እንዳለው እንደ ድሮው ጣቢያ አይደለም። ስለዚህ ተቀባዩ ልጅ ጣቢያው ድረስ እንዲመጣ ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ የስልክ ባትሪ ሊያልቅ ስለሚችል ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያድርጉት።