ሴኪዩር ቡት አላስነሳ ያለውን ላፕቶፕ ሊኑክስ እንዴት እንጭንበት

ደብረ ብርሃን ላይ ሊኑክስ ልጫን ያለ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው «ሴኪዩር ቡትን አጥፋው» የሚለውን ነው፣ እኔ ግን ማጥፋቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት ነው የምለው፣ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋም ይሰራል።

ሴኪዩር ቡት ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ፊርማ የሌለውን ፕሮግራም አያስነሳም። በፈረንጆቹ 2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ተስፋፋ፣ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የሚታመነው ቁልፍ ደግሞ የማይክሮሶፍት ነው፣ ስለዚህ የሊኑክስ ሰሪዎች ሺም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ለማይክሮሶፍት ልከው ያስፈርማሉ። ከዊንዶውስ በፊት ከሚነሳ ቫይረስ ይጠብቃል፣ እውነት ነው፣ ግን በገዛ ብሬ በገዛሁት ማሽን ላይ የሌላ ድርጅት ፊርማ መጠበቅ በጣም ያናድደኛል።

መጀመሪያ ቢትሎከር፣ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ማለት ነው። ዊንዶውሱን የማታጠፉት ከሆነ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሴቲንጉ ሲቀየር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ የገዛችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፣ ቁልፉ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ከተቆለፈባችሁ በኋላ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሳችሁ ሻጩን ብትለምኑት እሱም የለውም። ዊንዶውሱ እየከፈተ እያለ ቢትሎከሩን አጥፉት።

ቀጥሎ የተፈረመ ሊኑክስ ምረጡ፦ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ወይም ዴቢያን ከ10 ጀምሮ። አርች የሚባለው ሊኑክስ አልተፈረመም። ኡቡንቱ ወደ 6 ጊጋ ስለሆነ በማታ ፓኬጅ አውርዱት፣ ከዛ ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉት። ጓደኛ ጋ የተቀመጠ የድሮ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ አትዋሱ፣ በ2024 ነሐሴ አካባቢ የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የድሮ ሺሞችን ስለከለከለ «ኤስባት» የሚል ኤረር አውጥቶ ይዘጋል። አዲሱም እምቢ ካለ ባዮስ ውስጥ የማይክሮሶፍት ሰርድ ፓርቲ ሲኤ የሚለውን (ማይክሮሶፍት ለሌሎች የሚፈርምበት ቁልፍ ነው) አብሩት፣ አንዳንድ አዳዲስ ሌኖቮዎች ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን የዋይፋይና የግራፊክስ ድራይቨር ጨምር ካላችሁት ፓስዎርድ አውጡ ሊላችሁ ይችላል። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ 10 ሰከንድ ያህል ነው የሚጠብቀው፣ ቶሎ ከኪቦርዱ አንዱን ነክታችሁ ኢንሮል ሞክ (የድራይቨሩን የፊርማ ቁልፍ መዝግብ ማለት ነው)፣ ኮንቲኒው፣ የስ በሉና ያንኑ ፓስዎርድ አስገቡ። ካመለጣችሁ ብሮድኮም የሚባለው ካርድ ያለው ላፕቶፕ ዋይፋይ ላይሰራለት ይችላል። መብራት ስለሚቆራረጥ ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ።

ይሄ ሁሉ ካልሰራ ያኔ ሴኪዩር ቡቱን አጥፉት። ኤሰር ላይ ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ መጀመሪያ ባዮሱ ላይ ሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ አውጡ፣ ምርጫው ይከፈታል፣ ሴኪዩር ቡቱን ካጠፋችሁ በኋላ ፓስዎርዱን መልሳችሁ አንሱት።