ቤትን ለብርዱ ወራት ማሰናዳት

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ነፋስ ከሚገባባቸው ስንጥቆች ነው። ነፋሻማ በሆነ ቀን በርና መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ የበራ ሻማ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ በዝግታ ማዞር ይበቃል፤ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ከተርገበገበ ቀዳዳው እዚያ አለ ማለት ነው (መጋረጃውን ግን አስቀድሞ መሰብሰብ ያስፈልጋል)። የማይንቀሳቀሰው ስንጥቅ በሲሊኮን ይደፈናል፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ደግሞ የተጠቀለለ ወፍራም ጨርቅ ይዘጋዋል። መስኮት ለመለወጥ ከመቸኮል በፊት ይህን ርካሽ ሥራ መጨረስ ያዋጣል።

ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምርና ቧንቧን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚወርድበት ስፍራ ለብርድ የተጋለጡትን ቧንቧዎች በስፖንጅ መሸፈኛ መጠቅለል፣ የግቢውን ቧንቧም ከመነሻው ዘግቶ በውስጡ የቀረውን ውኃ ማፍሰስ ግድ ነው። አሸንዳውም ከቅጠል ይጽዳ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ማሞቂያው ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያመነጭ፣ ክፍሉ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ለማሞቂያ ተብሎ ቤት ውስጥ ሊቀጣጠል አይገባም፤ በጋዝ ወይም በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ካለም የጭስ መውጫው በየዓመቱ ሊጸዳና ሊፈተሽ፣ በመኝታ ክፍሎቹ አቅራቢያም ይህ መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮህ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሊተከል ይገባል።