ግሪን ካርዱን ያወጣላችሁ መስሪያ ቤት «አትሄዱም» ሲል እንዴት እንደምትይዙት

ይሄ አሜሪካ ውስጥ በሥራ በኩል፣ አሰሪያቸው ስፖንሰር ሆኖ ግሪን ካርድ ላገኙ ወይ ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። በዲቪ ወይ በቤተሰብ የመጣ ሰው ይሄ ጣጣ የለበትም። የኔ ማናጀር ካርዱ በፖስታ በደረሰኝ ሰሞን ነው በሩን ዘግቶ «ይሄን ሁሉ ካደረግንልህ በኋላ መቼም አትሄድም አይደል» ያለኝ፣ ከዛ በኋላ በየስብሰባው ይደጋግማት ጀመር። ብዙ ሰው በዚች አረፍተ ነገር ብቻ ዓመታት ይቀመጣል፣ ስለዚህ በደንብ እንነጋገርበት።

መጀመሪያ ውለታውን በልኩ እዩት። መስሪያ ቤቱ በፐርም (አሰሪው ከሌበር ዲፓርትመንት በሚያወጣው የሠራተኛ ማረጋገጫ) በኩል ካስገባላችሁ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ለቦታው የሚሆንና ዝግጁ የሆነ አሜሪካዊ ሠራተኛ አላገኘሁም ብሎ ለሌበር ዲፓርትመንት አረጋግጧል። ማለትም ሰው አጥቶ ነው የያዛችሁ፣ እናንተም በሥራችሁ ከፍላችሁታል። ማመስገን ተገቢ ነው፣ ዕድሜ ልክ ባለዕዳ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ጉዳያችሁ የት ላይ እንዳለ እወቁ። ካርዱ ገና ካልወጣና አይ 485 (የራሳችሁ የግሪን ካርድ ማመልከቻ) ገብቶ 180 ቀን ካለፈው፣ አይ 140ውም (አሰሪው ስለ እናንተ የሚያስገባው ጥያቄ) ከጸደቀ፣ ተመሳሳይ ሥራ ላይ ሰፕልመንት ጄ የሚባለውን፣ አዲሱን ሥራ የሚያረጋግጠውን ፎርም አስገብቶ አሰሪ መቀየር ይቻላል፣ ይሄ በ2000 በወጣው ሕግ የመጣ መብት ነው። ካርዱ ከወጣ ደግሞ «ኢሚግሬሽን ደውለን እናሰርዘዋለን» የሚለው ማስፈራሪያ ባዶ ነው። አሰሪ ግሪን ካርድ መሰረዝ አይችልም፣ ያን የሚያደርገው መንግሥት ብቻ ነው፣ እሱም ምክንያትና ሂደት አለው።

አሁን ከባዱ፦ ስንት ጊዜ መቆየት አለብኝ? ሕጉ ላይ ይሄን ያህል ወር የሚል ቁጥር የለም። የሚታየው ካርዱ በጸደቀበት ቀን እናንተ እዛ ለመሥራት፣ እነሱም ሊያሠሯችሁ ከልብ አስባችሁ ነበር ወይ የሚለው ነው። ካርዱ በመጣ በሳምንቱ ብትለቁ መጀመሪያውኑ አላሰበም ብሎ ለመጠርጠር በር ትከፍታላችሁ፣ ለዚህ ነው ጠበቆች በተለምዶ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቆዩ የሚሉት። ከካርዱ በፊት እዛው ብዙ ዓመት ሠርታችሁ ከሆነ እሱም ይረዳችኋል። እነሱ ደሞዝ ከቀነሱ፣ የሥራ መደቡን ከቀየሩ ወይ ከቀነሷችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ግን የተጻፈ ማስረጃ ያዙ። ጥያቄው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዜግነት ስታመለክቱ ነው፣ የኤን 400 ፎርም ያለፉትን አምስት ዓመታት የሥራ ታሪክ ይጠይቃል፣ ኦፊሰሩም ካርዱ እንዴት እንደተገኘ መለስ ብሎ ማየት ይችላል። ስለዚህ ፔይ ስተብ (የየደሞዙ ወረቀት)፣ ደብሊው ቱ (የዓመቱ የደሞዝና የታክስ ወረቀት)፣ የቅጥር ደብዳቤና የአይ 140 ማጽደቂያውን ቤታችሁ አስቀምጡ፣ የመስሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ብቻ አትተዉት፣ የለቀቃችሁ ቀን ይዘጋል።

ሌላው ወረቀት ነው። «ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቅህ የጠበቃውን ወጪ ትመልሳለህ» የሚል ያመጣሉ። የፐርሙን የጠበቃና የማስታወቂያ ወጪ ከ2007 ጀምሮ አሰሪው ራሱ እንዲከፍል ደንቡ ያስገድዳል፣ በኋላም ከሠራተኛው መቀበል አይችልም። ሌሎቹ ወጪዎች ላይ፣ ለምሳሌ የአይ 485 ክፍያ፣ ውል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ድምሩ ይሄ ነው» ሲሏችሁ ምኑ ስንት እንደሆነ ተዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እዛው ክፍል ውስጥ ግን አትፈርሙ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለመቆያ ቦነስ ብላ ቁጭ ባለችበት ፈረመች፣ ስትለቅ ታክስ ተቆርጦ እጇ የገባውን ሳይሆን ሙሉውን መልሺ አሏት፣ ወረቀቱ እንደዛ ይላላ።

ንግግሩን አጭር አድርጉት፦ «ላደረጋችሁልኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ወረቀቱን ቤት ወስጄ አንብቤ በኢሜይል እመልሳለሁ።» በቃ። እስከዚህ ቀን እቆያለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ሌላ ሥራ እየፈለጋችሁ ከሆነም አትናገሩ። ዝም ሲባል ሰው ቃል ይገባል፣ ማናጀሮች ዝምታውን የሚያረዝሙት ለዛ ነው። ስትወጡ የተባለውን ከነቀኑ የግል ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ምክር ከቴሌግራም ግሩፕ አትሰብስቡ፣ የአንዱ ጉዳይ ከሌላው ጋር አይገናኝም። የመስሪያ ቤቱ ጠበቃም የሚከፈለው ከአሰሪው ነው፣ እሱን «ልለቅ ነው» ብላችሁ አታማክሩ። የራሳችሁን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ከፍላችሁ ውላችሁን አሳዩ፣ ከሁሉ የሚያዋጣው ወጪ እሱ ነው። ፓስፖርት ወይ ካርድ ይዘው ካስፈራሯችሁ ወንጀል ነው፣ የሠራችሁበትን ደሞዝ ከከለከሉ ደግሞ የሌበር ዲፓርትመንት ዌጅ ኤንድ አወር (የደሞዝና የሥራ ሰዓት) ክፍል አቤቱታ ይቀበላል።

ለመልቀቅ ስትወስኑ ቀኑን ከቦነሱና ከፎር ኦ ዋን ኬው (የጡረታ ቁጠባው) ቬስቲንግ፣ ማለትም አሰሪው የጨመረላችሁ ገንዘብ የእናንተ ከሚሆንበት ቀን፣ ጋር አስተያዩት፣ የጤና ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ልማድ እንጂ በአብዛኛው ሕግ አይደለም፣ ግን ስጡ፣ ውላችሁ የበለጠ የሚል ከሆነ እሱን ተከተሉ። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዳችሁ ላይ የሥራ ፈቃድ ገደብ የሚል ጽሑፍ ካለ አስቀይሩት። ለአዲሱ ሥራ ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ አድራሻውን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ኦንላይን ያልቃል።