አኩማን የሚመርጡ ጀማሪዎች ስህተት (የተጋጣሚዎቻቸውም ጭምር)

ቴከን 7 የሚባለው የድብድብ ጌም ላይ አኩማን የሚመርጥ ጀማሪ ሳይ ቀጥሎ የሚሆነው ይታየኛል። ይዘላል፣ ይመታል፣ እንደገና ይዘላል፣ አየር ላይ እያለ ይለቀማል። ከዚያ ጆይስቲኩን ይሳደባል። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ መርካቶም ሆነ አጂፕ በኩል ዝናብ ሲያግድህ ጌም ቤት ገብተህ ሰው ሲሸነፍ ማየት ነው። እኔም አይቼ አይቼ መረረኝ።

ለማያውቀው ሰው፦ አኩማ የቴከን ልጅ አይደለም። የሌላ ጌም ኩባንያ የካፕኮም ነው፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በካፕኮም የድብድብ ጌም በስትሪት ፋይተር ተደብቆ የወጣ ገጸ ባሕርይ ነው። ቴከን 7 ሲመጣ በእንግድነት ተጋበዘ። ለማስታወቂያ ብቻ የገባም አይደለም። ካዙሚ ሚሺማ ውለታ ስለዋለችለት ባሏን ሄይሃቺንና ልጇን ካዙያን እንዲገድል አደራ ትሰጠዋለች፤ ታሪኩ ውስጥ የገባው በዚህ በኩል ነው። ጸቡንም የሚጣላው ይዞት በመጣው በራሱ ሕግ ነው። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

እንደ ካዙያ መያዝ። የቴከን ልጆች አኩማን ይዘው የለመዱትን ጡጫና ርግጫ ብቻ ይደረድራሉ። አኩማ ግን አንዳንድ ምቱ መሀል ላይ ተቆርጦ ወደ ሀዶከን (በእጅ የሚወረወር የኃይል ኳስ) ወይም ወደ ታትሱማኪ (እየተሽከረከሩ የሚረግጡት ርግጫ) ይሻገራል። ለልዩ ምት የሚከፈል፣ ከታች በኩል የሚሞላ ባርም አለው፤ ይህን አብዛኛው የቴከን ሰው የለውም። ይህን ካልተጠቀምክ ለምን መረጥከው? ካዙያ አለልህ።

መዝለል። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ።

ቴከን የመሬት ጨዋታ ነው። ሌላው ገጸ ባሕርይ ሲዘል ዝላዩ አጭርና ከባድ ነው። አኩማ ግን የስትሪት ፋይተርን ዝላይ እንዳለ ይዞ ስለመጣ ከፍ ብሎ በተጋጣሚው ራስ ላይ ያልፋል። ጀማሪው አንድ ጊዜ ዘሎ በርግጫ ያገኛል፣ ከሥር ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ይቀጥላል፣ የተጋጣሚውን ግማሽ ደም (ጉልበት) ያወርዳል፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይጮኻል። በቃ! ከዚያ በኋላ ያንን ልጅ መሬት ላይ አታገኘውም። ራውንዱ ሲጀመር ይዘላል። ሲመታ ይዘላል። ደሙ አልቆ አንድ ጃብ (ፈጣን ቀላል ጡጫ) ሲቀረውም ይዘላል።

ወንድሜ፣ አየር ላይ መከላከል የለም። ከዘለልክ በኋላ የምታርፍበትን ቦታ ተጋጣሚህ አንተ ሳታርፍ ያየዋል። ተራ ጃብ እንኳ አየር ላይ ካገኘህ ትንሳፈፋለህ፤ መሬት ሳትነካ ኮምቦው ይቀጥላል። ቆጪ በኩል ባለ አንድ ቤት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሙሉ ከሰዓት በዚሁ ሁኔታ ሲለቀም አይቻለሁ። ተጋጣሚው አሥር ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ነበር። ልጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲዘል ጠብቆ ጃብ ማድረግ። ተማሪው በየራውንዱ "ዕድል ነው" ይላል፣ ሌላ ብር ይከፍላል፣ ይዘላል።

ዝላይ የሚሠራው ተጋጣሚህ ሌላ ነገር ሲጠብቅ ነው። ሀዶከን እየወረወርክ እሱን ለመከላከል ሲቆም፣ ወይም ወደ ጎን ለመርገጥ ሲያስብ፣ ያኔ ዝለል። በራውንድ አንዴ ሁለቴ ይበቃል።

እየተራመዱ ሀዶከን። "ሀዶከን ስል ሾርዩከን ይወጣል፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል" የሚል ሰው በየቀኑ አለ፤ ሾርዩከን ወደ ላይ እየዘለሉ የሚመቱት ጡጫ ነው። ጆይስቲኩ አንዳንዴ እውነትም ተበላሽቷል፤ የጌም ቤት ጆይስቲክ የታች ቁልፉ በዘመናት አውራ ጣት አልቋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ ነው። የሾርዩከን አጫጫን ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ከዚያ በሰያፍ ወደ ታችና ወደ ፊት ሄዶ ጡጫ ነው። ሀዶከን ደግሞ ከታች ተነስቶ፣ በሰያፍ አልፎ፣ ወደ ፊት ደርሶ ጡጫ ነው። ወደ ፊት እየተራመድክ ሀዶከን ከጀመርክ ያ የመጀመሪያው "ወደ ፊት" አብሮ ይቆጠራል፤ ጨዋታው ሾርዩከን የጠየቅከው ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አውራ ጣትህን አንዴ ከቁልፉ አንሳና ጀምር። ጡጫውንም ሰያፉ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ፣ ወደ ፊት ሲደርስ ተጫን።

ተጋጣሚህን ዘለህ ካለፍክ አቅጣጫው ሁሉ እንደሚገለበጥም አትርሳ።

ከወደቁ በኋላ ሾርዩከን። ከተከላከለህ ሙሉ ኮምቦ ትበላለህ። ሌላ የምለው የለኝም።

ባር ማጠራቀም። ሰዉ ባሩን እንደ እቁብ ያጠራቅመዋል። ለመጨረሻው ታላቅ ምት እያለ ሳይነካው ራውንዱን ይሸነፋል። ሁለቱን ጡጫ አብሮ በመጫን የሚወረወረው ጠንካራ ሀዶከን አለ፣ ባር ከፍለህ ሀዶከኑን መሀል ላይ ቆርጠህ ወደ ፊት የምትገባበት ዘዴም አለ። ቀስ እያልክ አውጣው።

ቅርብ ሆኖ ሀዶከን መወርወር። ስትሪት ፋይተር ላይ ወደ ጎን መርገጥ የለም፤ እዚህ አለ። ተጋጣሚህ አንድ እግር ወደ ጎን ከረገጠ ሀዶከኑ ባዶ ያልፋል፤ አንተ እጅህን ዘርግተህ ቆመሃል።

አኩማን የምትገጥሙትም ከጥፋት ነፃ አይደላችሁም። ፈርታችሁ ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ። እሱ የሚፈልገው ያንን ነው፤ ርቀት ሰጣችሁት፣ መወርወሪያ ቦታ ሰጣችሁት፣ በዚያ ላይ ጀርባችሁ ግድግዳ ነካ። ቅርብ ሁኑ፣ ወደ ጎን ርገጡ፣ ሲዘል ቁጭ አትበሉ። ከላይ የሚመጣው ርግጫ ቁጭ ያለውን ነው የሚያገኘው።

የሁሉም መጨረሻ ደግሞ መከልከል ነው። ግድግዳው ላይ "አኩማ አይመረጥም" ብሎ ወረቀት የለጠፈ ቤት አውቃለሁ። ባለቤቱን ጋሼን ብጠይቃቸው ጠብ በዛ አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ጊስ ሀዋርድን መረጡ። እሱም እንግዳ ነው፤ እሱም ባር አለው፤ እሱም ይዘላል። ጠቡም ቀጠለ።

ልጆቹ ልምምድ ክፍሉን አይነኩትም፤ በሰዓት እየከፈሉ ማን ብቻውን ይቀመጣል? ግን ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን ጋሼ ዋጋ ይቀንሳሉ። ያኔ ግባና የልምምዱ አሻንጉሊት ላይ የአኩማን ዝላይ ቅዳ፣ ደጋግሞ እንዲዘልልህ አድርገውና በጃብ ምታው። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ተማሪውን ፈልገው፤ ያው እዚያው ነው።